ኖራና ሣር፦ ከ160 ዓመት በላይ የተሞከረ የአንድ ሣር መሬት ታሪክ

  

ዛሬ እንደ ወትሮው «ይህን አድርጉ፣ ያን አታድርጉ» አልልም። ታሪክ ነው የማወራችሁ። መነሻዬ ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በድምፅ የላኩልኝ ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ ከገብሱ የተረፈችኝን ዩሪያ በየዓመቱ ሣሩ ላይ እበትናለሁ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። አሁን ግን ሣሩ ሻካራ ሆነ፣ ከብቶቹም አፋቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ። ማገጡማ ጭራሽ ጠፋ። መሬቱን ምን ነካው?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። የኮሌጅ ደብተሬን ፈልጌ አገላበጥኩ። እናም ይኸው የእሳቸው ጥያቄ ሩቅ አገር በአንድ የሣር መሬት ላይ ከ160 ዓመት በላይ ሲመረመር የኖረ መሆኑን አስታወስኩ። ታሪኩን ስትሰሙ የማን መሬት እንደሚመስል ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ቦታው እንግሊዝ አገር ነው፤ ከለንደን ከተማ በስተሰሜን ሮትሃምስተድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። እኛ ጋ ዓፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ ማለት ነው። የመሬቱ ባለቤት ጆን ቤኔት ሎውስ ይባላል። ሰውዬው ዝም ብሎ ባለ መሬት አልነበረም፤ የማዳበሪያ ፋብሪካ ባለቤትም ነበር። ፎስፌት ያለበትን ነገር በአሲድ እየፈታ ሱፐር ፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያ የሚሠራበትን ዘዴ በ1842 በስሙ አስመዝግቧል። በዓመቱ ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት የሚባል የኬሚስትሪ ባለሙያ ቀጠረና ሁለቱ ከ50 ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። እኔ ከአንድ ሰው ጋር አንድ የክረምት ዘመቻ ሳልጣላ ከጨረስኩ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ!

ፓርክ ግራስ የሚሉት ይህ የሣር መሬት ሦስት ሄክታር እንኳን አይሞላም። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለመቶ ዓመት ያልታረሰ፣ ሣሩ እየታጨደ ድርቆሽ የሚወጣበት መስክ ነበር። ሎውስና ጊልበርት በመደብ በመደብ ከፋፈሉት። አንዱ መደብ ምንም አይደረግበትም። አንዱ ፎስፌትና ፖታሽ ብቻ ያገኛል። ሌላው ናይትሮጅን በአሞኒየም ሰልፌት መልክ ይሰጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ናይትሮጅኑን በሶዲየም ናይትሬት መልክ ያገኛል። ከዚያ በየዓመቱ እያጨዱ፣ እየመዘኑ፣ እየመዘገቡ ቀጠሉ። ሁለቱ ከሞቱ በኋላ ሌሎች ቀጠሉ። ዛሬም ይቀጥላል። የድሮው ድርቆሽና የድሮው አፈር ናሙና እስከ ዛሬ በዕቃ ታሽጎ ተቀምጧል።

በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ መደቦቹ የተለያየ ዘር የተዘራባቸው እስኪመስሉ ድረስ ተለያዩ። ማንም ግን ምንም ዘር አልዘራም። ፎስፌትና ፖታሽ ያገኘው መደብ ላይ እንደ ማገጥ ያሉ ጥራጥሬ ነክ ተክሎች ተንሰራፉ። ናይትሮጅን ያገኘው ላይ ሣሩ ሽቅብ አደገ፣ ማገጡ ግን በጥላው ታፍኖ አነሰ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ ድርቆሹም ጨምሯል፤ ማዳበሪያ ሻጩ ሎውስም ደስ ብሎታል ብላችሁ ገምቱ።

ነገሩ የተበላሸው ቀስ ብሎ ነው። አሞኒየም ሰልፌት በየዓመቱ የሚያገኙት መደቦች አፈራቸው እየኮመጠጠ ሄደ። የተክሉ ዓይነት መመናመን ጀመረ። ምንም ያልተደረገበት መደብ ላይ 40 ገደማ ዓይነት ተክል ሲቆጠር፣ ብዙ አሞኒየም ሰልፌት በተሰጠው ላይ ኮምጣጣ አፈር የሚችሉ አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓይነት ሣሮች ብቻ ቀሩ። የምድር ትሎችም ጠፉ። ትል ከሌለ የሞተውን ሣር ወደ አፈር የሚያስገባው ማን ነው? ማንም። ስለዚህ የደረቀው ሣር ሳይበሰብስ እየተደራረበ ላዩ ላይ እንደ ፍራሽ ወፈረ። የአፈሩ ፒኤች ከ4 በታች ወረደ። ለማነጻጸር፣ አብዛኛው ሰብላችን ከ5.5 በታች ሲወርድ ነው መጨነቅ የሚጀምረው።

ልብ በሉ! ናይትሮጅኑን በሶዲየም ናይትሬት ያገኙት መደቦች እንዲህ አልሆኑም። ስለዚህ ጥፋቱ የናይትሮጅን ብቻ አይደለም፤ የመጣበት መልክም ነው። አሞኒየም አፈር ውስጥ ገብቶ በጥቃቅን ሕዋሳት ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቃል። ናይትሬቱ ደግሞ በዝናብ ታጥቦ ሲወርድ የአፈሩን ካልሲየም ይዞት ይሄዳል። ሣሩ ታጭዶ ሲወጣም ካልሲየሙ አብሮ ይወጣል። እናንተ የምታውቁት ዩሪያም አፈር ውስጥ ገብቶ አሞኒየም ነው የሚሆነው። ኤንፒኤስም ውስጡ አሞኒየም አለ። «እና ማዳበሪያ መርዝ ነው ልትል ነው?» እንዳትሉኝ። አላልኩም። ትንሽ ታገሡኝ።

እዚያው እንግሊዝ ሌላም ጣቢያ ነበር፤ ዎበርን ይባላል። አፈሩ አሸዋማ ነው። በዚያ ስንዴና ገብስ ሳይፈራረቁ በየዓመቱ እዚያው መሬት ላይ እየተዘሩ መሞከር የጀመሩት በ1876 ነው፤ ዓፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ባሸነፉበት ዓመት። አሸዋማ አፈር አሲድን የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ስለሆነ፣ በሮትሃምስተድ ብዙ ዓመት የፈጀው ነገር እዚህ ቶሎ ታየ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ የአሞኒየም ማዳበሪያ ያገኘው ገብስ አልቦ ሊሆን ደረሰ። ማዳበሪያ ተጨምሮለት ማለት ነው! ምንም ካልተጨመረለት መሬት የባሰ።

ያኔ ሙከራውን የሚመራው ጆን አውግስጦስ ፎልከር የሚባል ኬሚስት ነበር። በ1897፣ ከአድዋ ድል በዓመቱ፣ ከሞተው መሬት ከፊሉ ላይ ኖራ በተነበት። ልኩን በእኛ ሒሳብ ስናደርገው በሄክታር 50 ኩንታል ገደማ ነው። ገብሱ ተመለሰ። ጎን ለጎን አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ባዶ፤ ማዳበሪያው አንድ ዓይነት፣ ዘሩ አንድ ዓይነት፤ ልዩነቱ ኖራው ብቻ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ገበሬን የሚያሳምን ሠርቶ ማሳያ አላውቅም። ስለ ኖራ አንድ ሰዓት ከምሰብክ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ማሳ ባሳይ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ በ1903 ወደ ሣሩ መሬት መጡ። የአብዛኞቹን መደቦች ግማሽ ለይተው በሄክታር 40 ኩንታል ኖራ በየአራት ዓመቱ መበተን ጀመሩ። ሌላው ግማሽ እንዳለ ተተወ። በ1965 ደግሞ መደቦቹን በአራት ከፍለው ሦስቱን በኖራ ፒኤች 5፣ 6 እና 7 ላይ እንዲቆዩ አደረጉ፤ አራተኛው እስከ ዛሬ ኖራ አይነካውም።

ውጤቱስ? ኖራ ባገኘው በኩል ያ ፍራሽ የመሰለው የደረቀ ሣር መበስበስ ጀመረ፣ ትሎቹ ተመለሱ፣ የተሻሉ የሣር ዓይነቶች ገቡ። ፎስፌትና ፖታሽ ከኖራ ጋር ባገኘው መደብ ላይ ጥራጥሬ ነኮቹ በደንብ ይታያሉ። ግን አንድ ነገር አልደብቃችሁም፤ ብዙ ናይትሮጅን በሚሰጠው መደብ ላይ ኖራ ቢጨመርም ማገጡ እንደ ድሮው አልተመለሰም። ኖራው ኮምጣጣነቱን ያነሣል፤ የረጅሙን ሣር ጥላ ግን አያነሣም። የእኚያ አባት ጥያቄ መልስ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

አሁን «ይህን ኖራ ፈረንጆቹ በዚያ ጊዜ ነው እንዴ ያወቁት?» ትሉ ይሆናል። አይ፣ ጥንት ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ከ1,900 ዓመት በፊት የብሪታንያና የጎል ሰዎች መሬታቸውን ማርል በሚባል ኖራማ አፈር እንደሚያዳብሩ ጽፏል። በአፈር አፈርን ማዳበር ማለት ነው። ማርሉን ከጉድጓድ እየቆፈሩ፣ በጋሪ እያጋዙ ይበትኑ ነበር። ኋላ ደግሞ የኖራ ድንጋይ በእሳት አቃጥለው ዱቄት ማድረግ ለመዱ። ይሠራ እንደነበር ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አያውቁም።

«ለምን» የሚለውን አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ አሜሪካዊው ኤድመንድ ራፊን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአባቱ የወረሰው መሬት በትንባሆና በበቆሎ ብዛት የተሟጠጠ ነበር። ፍግ ጨመረ፣ አልያዘለትም። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሲያነብ የአፈር አሲድ ኖራ ባለው ነገር እንደሚስተካከል የሚል ሐሳብ አገኘ። ደግሞም ዙሪያውን አየ፤ በደከመው መሬት ላይ የሚበቅለው ጥድና ጎምዛዛ አረም ነው። ኖራማ በሆነው ቦታ ግን እነዚያ አይበቅሉም። መሬቱ ራሱ እየነገረው ነበር ማለት ነው! በ1818 ከመሬቱ ሥር የተቀበረ የባሕር ዛጎል የሞላበት ማርል አስቆፍሮ ጥቂት መሬት ላይ አስበተነና በቆሎ ዘራ። ማርል ያገኘው በቆሎ ካላገኘው 40 በመቶ ገደማ በለጠ። በ1832 ትልቅ መጽሐፍ ጻፈበት። ይህን ሰው ሳነሣ ግን ሙሉውን ልናገር፤ ያን ማርል ቆፍረው የጫኑት በባርነት የያዛቸው ጥቁር ሰዎች ናቸው። ራፊን እስከ ሞቱ ድረስ ለባርነት የተሟገተ ሰው ነው። የአፈሩ ግኝት ትክክል ነው፤ ላቡ ግን የእሱ አይደለም።

በአውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ ስለ ኖራ የሚነገር የድሮ አባባል ነበር፤ ኖራ አባትን ያበለጽጋል፣ ልጅን ያደኸያል የሚል። መሠረት የሌለው ወሬ እንዳይመስላችሁ። ኖራ ኮምጣጣነቱን ሲያነሣ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው ብስባሽ ቶሎ ይፈታል፣ ታስሮ የነበረው ምግብ ይለቀቃል፣ ምርት ይጨምራል። አባትየው በዚያ ደስ ብሎት ፍጉን ትቶ ኖራ ብቻ እየደጋገመ ቢያርስ፣ ልጁ የሚወርሰው የተራቆተ መሬት ነው። ኖራ በር ከፋች ነው፤ ጎተራውን የሚሞላው ፍጉ፣ ኮምፖስቱና ማዳበሪያው ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ሁሉ እያወቁ ኖራን ተዉት ብላችሁ ታምናላችሁ? ከ1870ዎቹ ጀምሮ ርካሽ እህል ከባሕር ማዶ ሲገባ የእርሻ ገቢ ወደቀ፤ ገበሬው መጀመሪያ የቀነሰው የኖራ ወጪ ነበር። ምክንያቱም ኖራ እንደ ዩሪያ በሁለት ሳምንት አይታይም። መሬቱ ለአሥርተ ዓመታት እየኮመጠጠ ቆየ። በ1937 መንግሥት የኖራውን ግማሽ ዋጋ እከፍላለሁ ብሎ ሕግ አወጣ፣ ያኔ ነው እንደገና የተነሣው። ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? «እኛ ደሃ ስለሆንን ነው ኖራ የማይገዛው» ለሚሉኝ ነው። የዚያን ጊዜው ባለ ፈረስ ባለ ጋሪ ገበሬም ብቻውን አልቻለውም። ክብደቱ፣ ማጓጓዣው፣ ቶሎ አለመታየቱ ያው ነው።

ሳይንሱ የተሟላው ኋላ ነው። ዛሬ በአፈር ምርመራ ወረቀት ላይ የምታዩት ፒኤች የሚባል ቁጥር የመጣው በ1909 ከዴንማርክ ነው፤ ያወጣው ሶረንሰን ይባላል፤ ይሠራ የነበረውም በአንድ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። (ጠላ ጠማቂዎቻችን ይኩሩ!) በ1918 ደግሞ ሮድ አይላንድ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ተመራማሪዎች በኮምጣጣ አፈር ላይ ገብስን የሚጎዳው አሲዱ ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየም መሆኑን አሳዩ። አፈር ሲኮመጥጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይፈታና የሥሩን ጫፍ ያደነድነዋል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ውኃም ምግብም ፍለጋ አይወርድም። ፎስፎረሱም በአፈሩ ይታሰራል። ኤንፒኤስ ገዝታችሁ ጨምራችሁ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ሲቀር፣ የከፈላችሁበት ማዳበሪያ እዚያው ተቆልፎ ተቀምጧል።

ወደ እኛ ልምጣ። ከሚታረሰው የአገራችን መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ይባላል። ነጆና ጊምቢ፣ ሆሳዕናና ቸንቻ፣ የእኛው የጎጃምና የአዊ ደጋ ከሚጠቀሱት ናቸው። ዝናብ የሚበዛበት ቀይ አፈር ነው ዋናው ተጠቂ። አዊ ውስጥ ብዙ ሰው ገብሱን ትቶ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል የጀመረው ወዶ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ገብስ እምቢ ስላለም ጭምር ነው። ሌላው እንግዶ ዘራ።

አባቶቻችንም ከነገሩ ጭራሽ ሩቅ አልነበሩም። የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ለምን እንደሚበልጥ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እበቱ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው አመዱ ነው። አመድ እንደ ኖራ ኮምጣጣነትን ያነሣል። ሸዋ ደጋ ላይም አፈሩን ከነሣር ሥሩ ከምሮ አቃጥሎ ገብስ የመዝራት የቆየ ልማድ ነበር። ለአንድ ሁለት ዓመት ገብሱ ይሸጋል። ችግሩ ብስባሹም አብሮ ስለሚቃጠል ከዚያ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመት ጦም ማደር ነበረበት። ዛሬ ያን ያህል ጦም የሚያሳድር መሬት ያለው ማን አለ?

የራሴንም ስሕተት ልንገራችሁ፣ የሰው ብቻ አላወራም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ኖራው ዘግይቶ ደረሰን። እኔም ዕቅድ ለማሟላት ቸኩዬ አንድ ጋሼን «ዛሬ በትነው ነገ ይዝሩ» አልኳቸው። ኖራ እርጥበት አግኝቶ፣ ከአፈር ጋር ተዋሕዶ ለመሥራት ቢያንስ አንድ ወር እንደሚፈልግ አውቄ ሳለ ነው። የዚያ ዓመት ገብስ ምንም አልተለየም። ጋሼም መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ያ ዱቄትህ እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ገብሱ ሲሻሻል ዝም አሉ። አመሰግናለሁ ግን አላሉም፤ ልክ ናቸው።

እንግዲህ ለእኚያ አባት የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሣሩ ላይ ዩሪያ መበተኑን ለጊዜው ያቁሙ፤ ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር ራሱ ይሠራል፣ የሚፈልገው ብርሃንና ያልኮመጠጠ አፈር ነው። ሁለተኛ፣ ሳይመረመር ኖራ የለም። ከአሥራ አምስት ያህል ቦታ ከላዩ አፈር እየዘገንን፣ አደባልቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ወደ አፈር ምርመራ እንልካለን። መረሬ አፈር ወይም ቆላ ያላችሁ ተከታታዮች በተለይ ስሙኝ፤ አፈራችሁ አሲዳማ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ኖራ መበተን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ምርመራው ነው፤ የጎረቤት ልክ ለእናንተ አይሠራም።

ሣር ላይ ስለማናርስ ኖራው ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፤ ወደ ታች የሚወርደው በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ደቃቅ የሆነውን፣ ሣሩ ከታጨደ በኋላ ነፋስ በሌለበት ቀን መበተን፣ ዝናብ እስኪያጥበው ከብት አለማስገባት። አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን። ቤት የሚለቀለቅበት የተቃጠለው ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ እሱን አትንኩ። ዩሪያም ሆነ ትኩስ እበት ከኖራ ጋር በአንድ ቀን አይበተንም፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል። የምትገዙት ዱቄት የኖራ ድንጋይ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ሎሚ ጨምቁበት፣ አረፋ አውጥቶ መፍላት አለበት። ጥራቱን ሙሉ በሙሉ አይነግራችሁም፤ ተራ አፈር የሸጠላችሁን ግን ያጋልጣል።

እሳቸውም ተስማምተዋል። አሲዳማ ሆኖ ከተገኘ የሣሩን መሬት በገመድ ለሁለት እንከፍላለን፤ የላይኛው ግማሽ ኖራ ያገኛል፣ የታችኛው እንዳለ ይቀራል። «የታችኛውስ ለምን ይጎዳል?» አሉኝ። ማነጻጸሪያ ስለሚያስፈልገን ነው አልኳቸው። «እሺ፣ ግን ሦስት ዓመት ብቻ» አሉ። የመጀመሪያውን ፎቶ ከመበተናችን በፊት አንሥቼ እለጥፍላችኋለሁ፤ ናሙና ማስወሰድ የምትፈልጉም እስከ ቅዳሜ ድረስ በገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከሉ ታገኙኛላችሁ፣ ንጹሕ ፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ የማዳበሪያ ከረጢት ግን አይሆንም፣ ውጤቱን ያበላሸዋል።